ጤነኞቹ ይቅደሙ

በዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት የማይጣሱ ሕጎች ነበሩ። አንደኛው፣ ጥልቅ ማቀዝቀዣው በቀን አንዴ ብቻ ይከፈታል። ሁለተኛው፣ ሁልጊዜ ጤነኞቹ ይቀድማሉ። እነዚህን ሕጎች ከማንም በላይ የምታከብረው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የበረዶ ባልዲ አንጠልጥላ ኮሪደሩን ስትመላለስ የኖረችው ቴክኒሻን ናት። በዚሁ ባልዲ የተነሳ ከጥበቃው እስከ ዲኑ ድረስ "እትዬ በረዶ" ይሏታል። ስሙን ለምዳዋለችና በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሲመጣ ሌላ ሰው የተፈለገ ይመስላታል።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ይታክታታል። ምን እንደምትሠራ ስትጠየቅ "አንጎል እቆርጣለሁ" ትላለች፤ ጠያቂው ደንግጦ ዝም ይላል፣ እሷም ትገላገላለች። ነገሩ ግን ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ሰውነት ሕመም ሲበዛበት ራሱ ሠርቶ የሚያወጣው ማስታገሻ አለ፤ አንጎል ውስጥ በጣም፣ እጅግ በጣም በጥቂቱ ይገኛል። ኤንኬፋሊን ይሉታል። ይህን ለመለካት የአይጥ አንጎል ድንጋይ እስኪመስል በርዶ ከማቀዝቀዣው ይወጣል፤ ትንሽ ለስለስ ሲል ከመካከሉ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ በምላጭ ትወጣለች፤ ትመዘናለች፤ ከዚያ የፈላ አሲድ ውስጥ ትጨመራለች። የሚፈላበትም ምክንያት አለው። በዚያችው ቁራጭ ውስጥ ማስታገሻውን ቆራርጠው የሚበሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ እነሱን የሚገድላቸው ሙቀቱ ነው። ከዚያ በኋላ መፍጨት፣ ማሽከርከር፣ ማጥራት፣ ማድረቅ ይቀጥላል፤ በስተመጨረሻ በጨረር ምልክት የተደረገበት ፈሳሽ ይጨመርና ሁሉም ቆጣሪው ማሽን ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ በእያንዳንዱ ቲዩብ ውስጥ ስንት እንዳለ ያወጣል፤ እትዬ በረዶም ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ትሰቅላለች።

ሕጎቹ ዝም ብለው የወጡ አልነበሩም። ማቀዝቀዣው አርጅቷል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደወሉ ኮሪደሩን ሁሉ ያደነቁራል፤ ወደ ቅዝቃዜው ለመመለስም ከሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ የዕለቱ ሃያ አንጎል ባንዴ ወጥቶ በረዶ ላይ ይደረደራል። ጤነኞቹ የሚቀድሙት ደግሞ ለንጽሕና ነው፤ ምላጩ ምንም ያህል ቢታጠብ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚተላለፍ ነገር እንዳይኖር። እናም መጀመሪያ ምንም ያልተነኩት አስሩ ይቆረጣሉ፤ ቀጥሎ የእግራቸው ነርቭ ታስሮ ለወራት ሲያማቸው የከረሙት አስሩ። የዕጩዋ ስድስት ዓመት የተሠራው በዚህ ሥርዓት ነው።

ዕጩዋ የዶክትሬት ተማሪዋ ናት። ጽሑፏን ለመከላከል ሦስት ሳምንት ስለቀራት ከወዲሁ "ዶክተር" ሊሏት የሚቃጣቸው ነበሩ፤ እሷ ግን ሟርት ይሆንብኛል ብላ ስለከለከለች "ዕጩዋ" ሆና ቀረች። ስድስት ዓመት ለፍታ ያገኘችው ውጤት አንድ ነው፤ ቢሆንም ወፍራም ነው። ሕመም በከረመበት አንጎል ውስጥ ያ የራሱ ማስታገሻ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ይጎድላል። ስድስት ጊዜ ለኩት፣ ስድስቱንም ጊዜ ጎደለ። ጽሑፉ አንድ የታወቀ መጽሔት ዘንድ ደርሶ ሊታተም አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። እናቷም የልጇን ቀን በዓይኗ ለማየት ከሩቅ ከተማ ልትመጣ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች፤ ይህንንም ዕጩዋ በቀን ሦስቴ ትናገራለች።

እትዬ በረዶ ይህን ውጤት ከቤተ ሙከራው አውጥታ ቤቷ ድረስ ይዛው ሄዳለች። ባሏ ሃያ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ወገቡን እዚያው ወንበሩ ላይ ትቶት የመጣ ሰው ነው። ሐኪሞች ፎቶ አነሱት፣ በማሽን ውስጥ አሳለፉት፣ በመጨረሻ "ምንም አይታይም" ብለው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ታላቅ ወንድሙ በመጣና በደወለ ቁጥር "እሺ ባለወገቡ፣ ዛሬስ ወገብህ ፈቃድ ሰጠህ?" እያለ ይሥቅበታል። ሰውየው የማይታይ ሕመም ተሸክሞ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ውጤቱ የወጣ ዕለት ሚስቱ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "አየህ! ሕመም ሲቆይ አንጎል ውስጥ ያለው መከላከያ ይጎድላል። ቀልድ አይደለም፣ ተለክቷል። በዚህ እጄ ነው የለካሁት" አለችው።

ፊቱ እንደዚያ ሲፈካ ካየች ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለወንድሙም፣ ለጎረቤቱም፣ ለፀጉር አስተካካዩም "ከአምስት አንዱ ይጎድላል፣ ባለቤቴ ናት የለካችው" ሲል ይውላል። የተለካው አይጥ መሆኑን አያነሳም፤ የጠየቀውም የለም።

የመጽሔቱ ገምጋሚዎች አንዲት ቀላል ጥያቄ ላኩ። ልኬታችሁ ምን ያህል እንደሚረጋ፣ ጤነኞችን ብቻ ለክታችሁ አሳዩን አሉ። እትዬ በረዶ ሃያ የጤነኛ አንጎል አወጣች፣ እንደ ወትሮዋ በረዶ ላይ ደረደረች፣ እንደ ወትሮዋ ቆረጠች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ቁጥሮቹ መጡ። ዕጩዋ በእንስሳቱ መለያ ቁጥር ደርድራ አየቻቸውና ግንባሯን ቋጠረች።

"እትዬ፣ ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተበተነው? ይኸው አንዱ መቶ፣ አንዱ ስልሳ አምስት። ሁሉም ጤነኛ አይደሉ እንዴ?"

"ጤነኛ ናቸው። እንጃ ልጄ፣ ማሽኑ ይሆናላ።"

"ማሽኑን እኔ ዛሬ አስፈታዋለሁ" አለች ዕጩዋ፣ የማሽን ጠጋኙን ልትጠራ እየሮጠች።

እትዬ በረዶም እውነት ማሽኑ መስሏት ነበር። ከምሳ በኋላ ግን ዝም ብላ የራሷን ደብተር ገለጠች። ይህ ደብተር የማንም አይደለም። የቱን አንጎል በስንት ሰዓት እንደቆረጠች ትጽፍበታለች፤ ጻፊ ያላትም፣ አምጪ ብሎ ያነበበውም የለም። ቁጥሮቹን በእንስሳቱ መለያ ሳይሆን በቆረጠችበት ተራ ጻፈቻቸው። መቶ። ዘጠና ዘጠኝ። ዘጠና ስድስት። ዘጠና አራት። ሃያኛው ጋ ስትደርስ ስልሳ አምስት። ከላይ እስከ ታች እንደ ደረጃ ይወርዳል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነገሩን ለመረዳት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። የመጀመሪያው አንጎል ከማቀዝቀዣው በወጣ በአምስት ደቂቃ የፈላ አሲድ ውስጥ ይገባል። ሃያኛው ተራው እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ እየለሰለሰ፣ በውስጡም ያሉት ኢንዛይሞች እየነቁ፣ ማስታገሻውን እየበሉ። እስከ ዛሬ ደግሞ ኋላ የሚቆረጡት ምንጊዜም ሕመምተኞቹ ናቸው። ያ የጎደለው ከአምስት አንድ እጅ የሕመም ሥራ አልነበረም። ወረፋ በመጠበቅ የጎደለ ነው።

የአሮጌዎቹን ሙከራዎች ደብተር ከመሳቢያ አወጣችና የእነሱንም ቁጥሮች በተቆረጡበት ተራ ደረደረች። ሕመሙ እውነት ቀንሶት ከሆነ ከአስረኛው ወደ አስራ አንደኛው ሲታለፍ ቁጥሩ ድንገት መውደቅ ነበረበት። ስድስቱንም ፈተሸች፤ ድንገት የወደቀበት ቦታ አንድም አላገኘችም። በስድስቱም ያው ደረጃ እየተንሸራተተ ይወርዳል። በዚህ ቤት የቱ አንጎል ከየቱ ቀድሞ እንደተቆረጠ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ዝም ብትል ዝም ነው፤ ማሽኑ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ጤነኞቹን ደግማ ስትለካ ሃያ ሳይሆን አስር ብቻ ብታወጣ መበተኑ ይቀንሳል፣ ዕጩዋ ዶክተር ትሆናለች፣ እናት እልል ትላለች። ይህን ሁሉ አሰበች። ማሰቧንም በራሷ ላይ አልደበቀችም። በጣም ደክሟት ነበር፤ ድካም ደግሞ ዝምታን ቀላል ያስመስላል።

ማምሻውን ቤት ስትገባ ባሏ ከወንድሙ ጋር በስልክ እየተከራከረ ነው። "ሰውዬ፣ ስነግርህ! ከአምስት አንዱ! መጽሔት ላይ ሲወጣ አመጣልሃለሁ፣ ያን ጊዜ ትሥቃለህ!" ስልኩን ዘግቶ ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ እንደ ልጅ ያበራል።

"ጽሑፉስ? ምን አሏችሁ?"

"ገና ነው" አለችው።

"ሁለት ቅጂ አምጪልኝ እሺ? አንዱ ለሱ ነው።"

እጇን ልትታጠብ ገባች። ውሃውን ከፍታ ቆማ ቀረች። የቱ እንደሚብስ ማወቅ አቃታት፤ የዚያች ልጅ ስድስት ዓመት ነው ወይስ የዚህ ሰውዬ ፊት? እራት ቀርቦ አንድ ሁለቴ ጎረሰችና ነገ ማልጄ እገባለሁ ብላ ተነሳች።

አርብ ጠዋት ዕጩዋን ሚዛኑ ካለበት ጠባብ ክፍል አስገብታ በሩን ገፋ አደረገችው። ደብተሩን ከፈተችላት። ብዙ አላወራችም፤ ጣቷን ከመቶው ላይ አስነስታ እስከ ስልሳ አምስቱ ድረስ አወረደችው፤ ከዚያ የአሮጌዎቹን ገጽ አንድ በአንድ። ዕጩዋ ብልህ ናት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ አልታወቀም።

"ይሄን ተራ እንዲጽፉ ማን አዘዘዎት?" አለች።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ያስጽፍዎታል? ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀዎትም! ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ነው የሚያሳዩኝ?"

"ትናንት ነው ያየሁት ልጄ። ቀድሜ ባየው ኖሮ..."

"ልጄ አይበሉኝ!" አለች ዕጩዋ። ወዲያው ደግሞ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። "ይቅርታ እትዬ። ይቅርታ። እናቴ እኮ ሻንጣዋን ዘግታለች።"

እትዬ በረዶ ልታቅፋት ፈልጋ እጇ ላይ ጓንት እንዳለ ትዝ አላትና ተወችው። ጥፋቱ በስም የማንም አይደለም፤ ሕጎቹን ያወጣቸው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ነው፣ ማቀዝቀዣውን ያስረጀው ጊዜ ነው። የቆረጠው እጅ ግን የእሷ ነው፤ ይህን ማንም ሊያስተባብልላት አይችልም።

ዕጩዋ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። "ስንት ቀርቶናል?"

"ማቀዝቀዣው ውስጥ? ከጤነኞቹ ስምንት፣ ከሕመምተኞቹ ስምንት።"

"ሁለት ሁለቱን ብቻ እያወጣን እንሥራው። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። የትኛው እንደሚቀድም ዕጣ ይወጣለታል። በረዶው ላይ ከአስር ደቂቃ በላይ የሚቆይ አይኖርም።"

"በሩ ስምንት ጊዜ ሊከፈት ነው?"

"ይከፈታ።"

"ይጮኻል እኮ።"

"ይጩህ፣ እትዬ" አለች ዕጩዋ። "እኔም እየጮህኩ ነው።"

ሰኞ ጠዋት ጀመሩ። እውነትም ጉድ ፈላ። ደወሉ ሲጮህ ከአንዱ ክፍል አንዱ፣ ከሌላው ሌላው አንገቱን እያወጣ ምን ተቃጠለ ይላል። በሦስተኛው ጩኸት ፕሮፌሰሩ ራሱ መጣ። ሽበታም፣ ጡረታው የደረሰ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው።

"እቴ፣ ማቀዝቀዣዬን ልትገድይው ነው?" አላት እትዬ በረዶን።

የመለሰችለት ዕጩዋ ናት፤ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ፕሮፌሰሩ ደብተሩን ተቀብሎ ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ ባለ ሦስት እግሩ መቀመጫ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ጤነኞቹ ይቅደሙ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ።

"አውቃለሁ" አለች እትዬ በረዶ።

"ጥሩ ሕግ ነበር።"

"ጥሩ ነው። በሩን አንዴ ክፈቱ ካሉት ጋር ነው ያልተስማማው።"

ፕሮፌሰሩ ደብተሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "ከዚህ በፊት ያወጣኋቸውስ ጽሑፎች?" ብሎ ጠየቀ፣ መልሱን እያወቀው።

"እነሱንም በዚሁ ተራ ነው የቆረጥኳቸው።"

ተነሳ፣ ማቀዝቀዣው ጎን ሄዶ ቆመ፣ አውራ ጣቱን የደወሉ ማጥፊያ ላይ አደረገ። እስከ መጨረሻው ጥንድ ድረስ በሩ ሲከፈት እየተጫነ፣ ሲዘጋ እየለቀቀ እዚያው ቆመላቸው። እትዬ በረዶ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ዕለት አዝናለት አታውቅም።

ረቡዕ ማሽኑ ቁጥሮቹን አወጣ። የጤነኞቹ አማካይ ዘጠና ስምንት፣ የሕመምተኞቹ ዘጠና ሰባት። ዕጩዋ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ጊዜ አነበበችና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ደወለች። በሩ ክፍት ስለነበር እትዬ በረዶ መስማት ሳትፈልግ ሰማች።

"እማዬ፣ አትምጪ... አይ፣ አልታመምኩም... ደህና ነኝ ስልሽ... ማንም አልበደለኝም፣ እኔው ነኝ... አላውቅም፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል... እንዴ እማዬ፣ አንቺ ካለቀስሽ እኔ ምን ልሁን?"

ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። የሥራ ልብሷን ከመስቀያው አንስታ ለበሰች፤ እትዬ በረዶ እጇን ብታይ ቁልፎቹን በማይገናኝ ቀዳዳ እየቆለፈቻቸው ነው። ሄዳ አንድ በአንድ አስተካከለችላት። ጥቂት ቆይቶ ዕጩዋ አዲስ ደብተር ገለጠችና "እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተራውንም ሰዓቱንም እኔም እጽፋለሁ" አለች።

እትዬ በረዶ እቤት ስትደርስ መሸት ብሏል። ያን ዕለት ባሏ መንገድ ላይ ጠብቋት አብረው ነው የገቡት። የአምስተኛ ፎቅ ሰው ናቸው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ያ የነገርኩህ ነገር ልክ አልነበረም" አለችው። "ከአምስት አንዱ ያልኩህ። የጎደለው ከሕመሙ አይደለም። እኔ ሕመምተኞቹን ኋላ እያስቀመጥኩ ስላቆየኋቸው ነው። ደግመን ለካነው፣ እኩል ሆነ።"

ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ፤ ይህን ማየት ከቁጥሮቹ ሁሉ ከበዳት።

"እንግዲያ ወንድሜ ልክ ነው በይኛ" አለ። "ፎቶውም የለም አለ፣ የእናንተም ማሽን የለም አለ።"

"የኛ ማሽን የለም አላለም። አላገኘሁትም ነው ያለው። እሱም የአይጦቹን እንጂ ያንተን አይደለም።"

"ያው ነው።"

"አንተን ያምሃል።"

"በምን ታውቂያለሽ?" አለ። "ለኔ ብለሽ አትዋሺኝ። በምን ለክተሽ?"

እትዬ በረዶ ይህን ላለመናገር ሁለት ዓመት ችላ ነበር። አሁን ግን ሌላ የምትሰጠው ነገር አልነበራትም።

"ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ስልክ ይደወልልሃል" አለችው። "ግድግዳውን ተደግፈህ 'ሃሎ' ትላለህ። ለኔ በእጅህ 'አንቺ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ' ትለኛለህ። ላብህ እስኪደርቅ 'እሺ፣ እሺ፣ ይሁን' እያልክ ታወራለህ።"

"ሰው ይደውልልኛላ!"

"ዛሬ ስልክህን ጠዋት እዚህ ጠረጴዛው ላይ ረስተኸው ነው የወጣኸው። ይኸው። ቅድም ሃሎ ያልከው በመነጽርህ ማኖሪያ ነው።"

ሰውየው ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ማኖሪያውን አውጥቶ አገላብጦ ተመለከተው።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቂ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ወሬህን እስክትጨርስ ነዋ።"

መጀመሪያ አፍንጫው ተነፋፋ፣ ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሣቁ ገንፍሎ ወጣ። እሷም ሣቀች፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታምቀው የቆየችው እንባ አብሮ ወረደ። ሣቁ መሐል ወገቡ ቀስፎ ያዘው። ሶፋውን ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነና፣ ፊቱን ሳያዞርባት "ወይኔ" አለ፤ "ወይኔ፣ እንዴት ያመኛል መሰለሽ።"